የታሰረ አንበሳ ሐቁ ምንድን ነው?



ከጀመዓችን መካከል ስንቱ የአንበሳ ስም ይዞ እንደሚዞር ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ዐባስ፣ ኡሳማ፣ ሐይደር፣ ለይስ፣ አሰድ ሁሉም በዐረብኛ ከአንበሳ ጋር የተያያዙ ስሞች ናቸው፤ ሐምዛንም ከእነሱ የሚደምሩ የቋንቋ ሰዎች አሉ። ኢብን ኻለወይህ የተባሉት የቋንቋ ሊቅ ለአንበሳ 500 ያህል ስምና መጠሪያ እንዳለው መናገራቸው ተዘግቧል። በ808 ሂጅራ ያረፉት ደሚሪ ደግሞ «ሐያቱል ሐየዋን» የተሰኘውን ትልቁን የእንስሳት መዝገባቸውን የጀመሩት በአንበሳ ነው። በእኛም አገር ስሙ ያልተለጠፈበት ነገር የለም፤ አውቶቡሱ አንበሳ፣ ጫማው አንበሳ፣ ሐውልቱ አንበሳ፣ ሳንቲሙም ላይ አንበሳ።

ቁርኣን ውስጥ፣ በሱረቱል ሙደሲር፣ ከግሳጼ የሚሸሹ ሰዎች ከ«ቀስወራህ» በሚሸሹ የዱር አህዮች ተመስለዋል። ብዙ ሙፈሲሮች ቃሉን አንበሳ ብለው ሲተረጉሙት አዳኞች ወይም ቀስተኞች ያሉትም አሉ። የመጀመሪያዎቹ አድማጮች ይህን ምስል ለመረዳት አልተቸገሩም፤ ያኔ በዐረቢያና በዙሪያዋ አንበሳም የዱር አህያም ነበር። ዛሬ አንበሳው ከዚያ ምድር ጠፍቷል፤ የኢራቅና የኢራን የመጨረሻዎቹ አንበሶች ያለቁት በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። የአፍሪካ የዱር አህያ ግን ጥቂት ቢሆንም በእኛው አፋር ምድር ዛሬም አለ።

ስሙን እንዲህ የምንወደውን እንስሳ አብዛኞቻችን ያየነው ግን በብረት ፍርግርግ ጀርባ ተኝቶ ነው። ከዚያ ተነስተን «ሰነፍ ነው»፣ «ታሟል»፣ «ድሮ ነበር አንበሳ» እያልን እንፈርድበታለን። በዚህ እትም የምናየው ሁለት ነገር ነው፤ አንበሳ በተፈጠረበት ዱር እንዴት እንደሚኖርና ሰው ሲያስረው ምን እንደሚጎድልበት። ይህን ካላወቅን የታሰረ እንስሳ በአሳሪው ላይ ያለውን ሐቅ ማወቅ አንችልም።

ስለ ሐቅ ካነሳን የድመቷን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንዲት ሴት ድመት አስራ እስክትሞት ድረስ በመያዟ ለእሳት መዳረጓን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። ስንሰማው ብዙ ጊዜ የሚያመልጠን ነገር ቢኖር ወቀሳው ሁለት ክፍል ያለው መሆኑ ነው። አንደኛው፣ ሴትዮዋ ድመቷን አለማብላቷና አለማጠጣቷ ነው። ሁለተኛው፣ ድመቷ ራሷ ከምድር ላይ ትንንሽ ፍጥረታትን አድና እንድትበላ አለመልቀቋ ነው። ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው ምግብና ውሃው ካልተጓደለበት እንስሳን ማቆየት እንደሚቻል ተናግረዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ግን ሁለተኛው ክፍል ነው። ድመቷ የራሷ ችሎታ ነበራት፤ እንጀራዋን ፈልጋ የምታገኝበት ጥበብ ከአላህ ተሰጥቷታል፤ ማሰሩ ያንን ነው የዘጋባት። ይህ የራሴ ማስተንተን እንጂ ፈትዋ አይደለም፤ ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን ጠይቁ። ግን ጥያቄውን ከድመቷ ወደ ትልቁ ዘመዷ ስንወስደው ሰፋ ይላል፤ አንበሳ ምን ጥበብ ተሰጥቶታል? እኛስ ስናስረው የትኛውን እንዘጋበታለን?

ኡመት ያለው ድመት

አንበሳ የድመት ቤተሰብ ነው። ነብርም አቦሸማኔም የዚያው ቤተሰብ ናቸው፤ ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ግን አያት፣ እናት፣ አክስትና ልጅ ሆኖ በቋሚ ማኅበር የሚኖረው አንበሳ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሱረቱል አንዓም እንስሳት እንደ እኛው ኡመቶች መሆናቸውን ያስታውሰናል፤ አንበሳን ያጠኑ ሰዎች የጻፉትን ስታነቡ ይህ ነገር ትርጉሙ ይጎላል።

ስለ አንበሳ ማኅበር የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከታንዛኒያው ሰረንጌቲ ነው። ጆርጅ ሻለር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ለሦስት ዓመታት ያህል አንበሶቹን እየተከተለ መዘገበ፤ ክሬግ ፓከር ደግሞ ከ1978 ጀምሮ ጥናቱን ተረክቦ ለአሥርት ዓመታት መራው። አንበሶቹ በፊታቸው ላይ ባሉ የጢም ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ተለይተው ይታወቁ ስለነበር የትኛዋ የማን ልጅ፣ የማን እህት እንደሆነች ትውልድ በትውልድ ተመዝግቧል።

ከዚህ የተገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ብዙዎቻችን ከምንገምተው ተቃራኒ ነው። የመንጋው ባለቤቶች ሴቶቹ ናቸው። ሴት ደቦል አድጋ እዚያው እናቷ ግዛት ውስጥ ትቀራለች፤ ግዛቱ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚወረሰው በሴቶቹ በኩል ነው። ወንዱ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው ይባረራል። ከወንድሞቹና ከአክስቶቹ ልጆች ጋር ሆኖ ይንከራተታል፤ ጉልበቱ ሲጠና ሌላ መንጋ ፈልጎ ነባሮቹን ወንዶች ይገጥማል። ቢያሸንፍም ብዙ አይቆይም፤ በአብዛኛው ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ተራው ደርሶ በሌሎች ይባረራል። «የአራዊት ንጉሥ» የምንለው፣ በገዛ ቤቱ የጊዜ ገደብ ያለው እንግዳ ነው።

ይህ አጭር ጊዜ ከባድ ውጤት አለው። አዲስ የመጡ ወንዶች ብዙ ጊዜ በመንጋው ውስጥ ያገኟቸውን ትንንሽ ደቦሎች ይገድላሉ። የምታጠባ አንበሳ ልጆቿ አንድ ዓመት ተኩል እስኪያልፋቸው ድረስ ወንድ አትቀርብም፤ ልጆቿ ከሞቱ ግን በሳምንታት ውስጥ ለመውለድ ዝግጁ ትሆናለች። ሁለት ዓመት ብቻ ያለው ወንድ የሌላውን ልጅ ሲጠብቅ ቢኖር የራሱን ሳያይ ይባረራል። ለእኛ ልብ የሚያደማ ነገር ነው፤ ለእነሱ ግን የአኗኗራቸው አካል ነው። ሴቶቹም ዝም ብለው አይቀበሉትም። በአንድ ሰሞን ይወልዳሉ፣ ደቦሎቻቸውን በጋራ ያሳድጋሉ፣ አንዷ የሌላዋንም ልጅ ታጠባለች፣ ባዕድ ወንድ ሲመጣ ተሰባስበው ይመክታሉ። አብረው የሚያሳድጉበት ዋናው ምክንያት ይኸው መከላከል እንደሆነ ፓከርና ባልደረቦቹ ያምናሉ።

እርግዝናው 110 ቀን ያህል ነው። እናቲቱ ለመውለድ ከመንጋው ተለይታ ጥሻ ውስጥ ትገባለች፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ደቦል ትወልዳለች፤ መደበቂያውን እየቀያየረች በአፏ አንጠልጥላ ታዘዋውራቸዋለች። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ወደ መንጋው ታመጣቸዋለች። ይህን የመደበቅ ፍላጎት ያዙልኝ፤ ወደ ማቆያው ስንመጣ እንመለስበታለን።

ግሳቱስ? የአንበሳ ግሳት ፀጥ ባለ ሌሊት እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። ድንፋታ ብቻ አይደለም፤ «እኔ እዚህ ነኝ፣ እናንተስ የት ናችሁ? ባዕዳኑ፣ ራቁ» የሚል መልእክት አለው። ካረን ማክኮምብ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመችው ጥናት የባዕድ ሴት አንበሶችን ግሳት ቀድታ በድምጽ ማጉያ ለመንጋዎች አሰማች። አንድ ጊዜ የአንዷን ብቻ፣ ሌላ ጊዜ የሦስት። ነባሮቹ የሚቀርቡት የራሳቸውን ቁጥር ከሚሰሙት ቁጥር ጋር እያመዛዘኑ ነበር፤ የሚበልጡ ከሆነ ወደ ድምጹ ይሄዳሉ፣ ካነሱ ያመነታሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ አንበሳም ራሱ ካላበረ ግዛቱን እንደማያስከብር የሚያውቅ ይመስላል።

በዓመቱ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ፈገግ የሚያሰኝ ነው። እነዚሁ ሴቶች ወደ ባዕዱ ድምጽ ሲሄዱ አንዳንዶቹ ሁልጊዜ ከፊት ይሆናሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ ይንቀረፈፋሉ። ከፊት ያሉት ዞር ዞር እያሉ ያዩዋቸዋል፤ የኋለኞቹ ግን አይቀጡም፣ ከመንጋውም አይባረሩም። በቡድን አሳይመንት ላይ ስሙን ብቻ የሚያጽፍ ጓደኛ ያለው ሁሉ ነገሩ ይገባዋል።

አደኑን በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም በቴሌቪዥን ያየነው እሱን ብቻ ነው። ሻለር እንዳየው ብቻዋን የምታድን አንበሳ አብዛኛው ሙከራዋ ይከሽፋል፤ ሁለት ሆነው ሲያድኑ የመሳካት ዕድላቸው ወደ እጥፍ ያድጋል። ወንዱም ያድናል፤ ጥቅጥቅ ባለ ጥሻ ውስጥ አድፍጦ ስለሚያድን ነው ሜዳ ላይ እንደ ሴቶቹ የማይታየው። በንጎሮንጎሮ ጅቦችን ያጠናው ሃንስ ክሩክ ደግሞ ጅብ ገድሎት አንበሳ የቀማው ሥጋ ብዙ መሆኑን አሳይቷል፤ በተረቶቻችን ሌባው ጅብ፣ ባለቤቱ አንበሳ ነው፤ በዚያ ሜዳ ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነበር።

ከጠገበ በኋላ ይተኛል። በቀን እስከ 20 ሰዓት ያህል ተጋድሞ የሚያሳልፍ እንስሳ ነው፤ እንቅስቃሴው በአብዛኛው ምሽትና ሌሊት ነው። ስለዚህ በቀትር ማቆያ ገብቶ የተኛ አንበሳ ያየ ሰው በሽተኛ አንበሳ አላየም። ለማስነሳት ድንጋይና የውሃ ላስቲክ የሚወረውረው ጎብኚ ግን አዛ እያደረገው ነው።

ፍርግርጉ ውስጥ

ማቆያ ለአንበሳ የሚሰጠው ነገር አለ፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይሆንም። ምግቡ አይቋረጥም፣ ሲታመም ሐኪም ያየዋል፣ የሚገድለው ባላንጣ የለም። በዱር ያለ ወንድ ከ12 ዓመት በላይ የሚኖረው ከስንት አንዱ ነው፤ በማቆያ ግን 20 ዓመት ያለፋቸው አሉ። ዕድሜ ብቻ መለኪያ ቢሆን ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሮስ ክላብና ጆርጂያ ሜሰን ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ በማቆያ የሚኖሩ ሥጋ በል አራዊትን ያነጻጸረ ጥናት አወጡ። የትኞቹ ናቸው በእስር ይበልጥ የሚጎዱት? መልሱ ቀጥተኛ ነበር፤ በዱር ሰፊ ግዛት የሚያካልሉት ዝርያዎች በማቆያ ይበልጥ ይመላለሳሉ፣ ግልገሎቻቸውም ይበልጥ ይሞቱባቸዋል። የአንድ የአንበሳ መንጋ ግዛት እንደ ታዳኙ ብዛት ከ20 እስከ ጥቂት መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የአንድ ጠባብ ማቆያ ቤት ስፋት ደግሞ አንዳንዴ ከመኝታ ክፍላችን ብዙም አይበልጥም።

መመላለስ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። አንበሳው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሄዳል፣ በዚያው ቦታ ይዞራል፣ በዚያው እግሩ ይመለሳል፣ እንደገና። ጎብኚው «ሊወጣ ነው»፣ «ተቆጥቷል» ይላል። ነገሩ ግን ቁጣ አይደለም። ግዛቱን መዞር፣ ድንበሩን ማሽተት፣ ታዳኝ መፈለግ የለመደ አካል የሚያደርገው ሲያጣ የሚያመጣው ባዶ ድግግሞሽ ነው። ምግብ ከመሰጠቱ በፊት ጥቂት ቢመላለስ የሚጠበቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሆነ ግን አንድ ነገር እንደተጓደለበት ምልክት ነው።

ምግቡም ቢሆን ሥጋ መስጠት ብቻ አይበቃም። ዱር ላይ አንበሳ ቆዳውን፣ አጥንቱን፣ ጉበቱንና የሆድ ዕቃውን ጭምር ነው የሚበላው። አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ ብቻ ሲሰጠው ካልሲየም ያጥረዋል፤ በተለይ በማደግ ላይ ያሉ ደቦሎች አጥንታቸው ይለሰልሳል፣ ይሰበራልም። ጉበት ሲጎድል ደግሞ ቫይታሚን ኤ ያጥራል፤ ያኔ የራስ ቅሉ አጥንት ከኋላ በኩል ወፍሮ አንጎልን ይጫናል፣ እንስሳውም አንገቱ ይጣመማል፣ ሚዛኑን ይስታል። በየቀኑ ጠግቦ እያደረ የሚታመም አንበሳ እንዲህ ነው የሚፈጠረው። የሕክምናና የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ወንድምና እህቶቻችን ይህን ከእኔ በተሻለ ያብራሩታል።

ጥሩ ማቆያዎች ምን ያደርጋሉ? ሥጋውን በዕቃ ከማቅረብ ይልቅ ከነቆዳውና ከነአጥንቱ ሰቅለው ዘሎ እንዲያወርደው ያደርጋሉ፤ ሰዓቱን ይቀያይራሉ፤ በየቀኑ ከማብላት ይልቅ እንደ ዱሩ ጠግቦ የሚያድርበትና የሚጾምበት ቀን ይኖረዋል። የሜዳ አህያ ፋንድያ ወይም ቅመም እየበተኑ የሚያሸተው ይሰጡታል። ወጣ ብሎ ዙሪያውን የሚያይበት ከፍታ፣ ሰው እንዳያየው የሚሸሸግበት ጥግ ያበጁለታል። ከላይ ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል፤ ልትወልድ የደረሰች አንበሳ መደበቂያ ካጣች፣ ከሦስት በኩል ሰው እያፈጠጠባት ከወለደች ልጆቿን ልትተው ወይም ልትገድል ትችላለች። «ጨካኝ እናት» ተብሎ ይወራባታል። የጨከነባት ግን ቤቱን የሠራው ሰው ነው።

ሌላው ጉዳይ ማኅበሩ ነው። ብቻውን የተያዘ አንበሳ ኡመቱ ተወስዶበታል፤ ለሚያገሳው ግሳት መልስ የሚሰጠው የለም። በዘፈቀደ አብረው የተዘጋባቸው ደግሞ ይባላሉ። ዱር ላይ በሦስት ዓመቱ የሚባረረው ወንድ እዚህ የሚባረርበት ቦታ ስለሌለው ከአባቱ ጋር ይጋጫል፣ ከእህቱም ይወልዳል። አንበሳ በማቆያ በቀላሉ ይራባል፤ ችግሩ የተወለዱትን የት ማድረግ እንደሚቻል ነው።

ስድስት ኪሎ ያሉት አንበሶች

ይህ ችግር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ያደረ ተማሪ ሁሉ ለፈጅር ሲነሳ ወይም ሌሊት ሲያጠና ከአጥሩ ማዶ የሚመጣውን ግሳት ሰምቷል። አንበሳ ግቢ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1948 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። የማቆያው ባለሙያዎች እንደሚናገሩት የዘር ሐረጉ የጀመረው ከአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ከመጡ ሰባት አንበሶች፣ ማለትም ከአምስት ወንዶችና ከሁለት ሴቶች ነው።

አንበሶቹ የሚታወቁት በጥቁር ጎፈራቸው ነው። ጥቁረቱ ከአንገት አልፎ ወደ ደረትና ወደ ሆድ ይወርዳል። ጎፈር ለአንበሳ መታያ ነው። ፓከርና ፔይተን ዌስት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት የተለያየ ጎፈር የተገጠመላቸው እውነተኛ አንበሳ የሚያክሉ አሻንጉሊቶችን ሰረንጌቲ ውስጥ አቁመው ጠበቁ። ሴቶቹ ወደ ጥቁሩ ሄዱ፤ ወንዶቹ ግን ረጅምና ጥቁር ጎፈር ያለውን ፈሩት። ጥቁር ጎፈር ጤናንና ጉልበትን ይናገራል፤ ዋጋው ደግሞ ሙቀት ነው፤ ባለቤቱ በሐሩር ይበልጥ ይቸገራል። በቀዝቃዛ አገር በማቆያ ያሉ አንበሶች ጎፈራቸው እንደሚደነድን ስለሚታወቅ፣ የአዲስ አበባ ብርድ እንጂ ዘራቸው አይደለም የሚል ጥርጣሬ ለረጅም ጊዜ ነበር። ተገቢ ጥርጣሬ ነው፤ በመልክ ብቻ ዘር አይመሰከርም።

መልሱ እ.ኤ.አ. በ2012 መጣ። የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን በአንበሳ ግቢ የነበሩ 15 አንበሶችን ዘረ መል ከሌሎች የአፍሪካ አገራት አንበሶች ጋር አነጻጽሮ የአዲስ አበባዎቹ በዘራቸው የተለዩ መሆናቸውን አሳተመ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ሰፋ ያሉ ጥናቶችም ኢትዮጵያ የሰሜኑና የደቡቡ የአንበሳ ዘር የሚገናኙበት አካባቢ መሆኗን ያመለክታሉ።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። ከዚያ ጥናት ስድስት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በዚያው ግቢ ቦታና በጀት ባለመኖሩ የሚወለዱ ደቦሎች በመርዝ ይገደሉ እንደነበር በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተዘግቦ ነበር። የዘሩን ዋጋ ሳናውቅ ዘሩን እየቆረጥን ነበር ማለት ነው። ጠባቡ ቤት እስር ቤትም ነው፣ የአደራ ሳጥንም ነው። እኔ እስከማምነው «ማቆያ ሁሉ ይዘጋ» የሚለው ወንድማችንም፣ «እየበላ ነው፣ ምን ይፈልጋል?» የሚለውም ነገሩን ግማሹን ብቻ ነው ያዩት። ዛሬ ጥቁር ጎፈር አንበሶች እ.ኤ.አ. በ2019 በተከፈተው አንድነት ፓርክም ይታያሉ፤ ወሳኙ ግን የቦታው ውበት አይደለም። ማን ከማን እንደሚወልድ መዝገብ ተይዞ፣ የሚያኖርበት ቦታ ሳይዘጋጅ ማራባት መቆሙ ነው። ከሰባት አንበሳ የጀመረ ዘር እርስ በርሱ እየተዋለደ ሊዳከም ስለሚችል መዝገቡ ራሱ ከሐቃቸው አንዱ ነው።

እንዲህ ያለ አደራ የተሳካባቸው አሉ። በህንድ ጉጃራት የጁናጋድ ሙስሊም ናዋቦች በግዛታቸው በነበረው የጊር ጫካ የቀሩትን ጥቂት ደርዘን አንበሶች ከአዳኝ ከለከሉ፤ በእስያ ሌላው ቦታ ሁሉ አንበሳ ሲጠፋ እነዚያ ተረፉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ ቁጥራቸው 674 ደርሷል። ናዋቦቹ ያስቀሩት ጫካውን ከነአንበሳው ነው። በሞሮኮ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ የአትላስ አንበሳ ከዱሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ ዘሩ ይሆናል የሚባለው በሱልጣኖቹ ግቢ ይኖሩ ከነበሩት አንበሶች ወርዶ ዛሬ በራባት ማቆያ የሚገኘው ነው። መመለሻ ጫካ የሌለው ዘር፣ ዘሩ ቢኖርም ግሳቱ ከአጥር አያልፍም።

ወደ ጫካ እንልቀቃቸው?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፤ ሐዲሱም መልቀቅን ያነሳ አይደል? ድመቷ ግን ማደን ታውቅ ነበር። በሰው እጅ ያደገ አንበሳ ሰውን አይፈራም፤ ሲርበው የሚሄደው ወደሚያውቀው ወደ ሰው መንደር ነው። አደን ያስተማረው የለም፣ ግዛት የለውም፣ ወንድም የለውም፤ የሚገባበት ዱር ሁሉ ደግሞ ባለቤት አለው፣ ነባሮቹ ይገድሉታል። ለዚህ ነው ሆለታ አጠገብ ባለው የቦርን ፍሪ የእንስሳት መታደጊያ የሚገኙ አንበሶች ሰፊና ዛፍ ያለበት አጥር የሚሰጣቸው እንጂ የማይለቀቁት። ከእነሱ አንዱ ዶሎ የተባለው፣ በድንበር ከተማ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ለዓመታት የኖረ ነበር። እንዲህ ያሉት ብዙውን ጊዜ እናታቸው ተገድላ በደቦልነታቸው የተወሰዱ ናቸው። ጫጩቶቿ ተወስደውባት ስታንዣብብ የነበረችውን ወፍ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባዩ ጊዜ ማን አስጨነቃት ብለው እንዲመለሱላት ማዘዛቸው በአቡ ዳውድ ተዘግቧል፤ የዶሎን እናት ግን ልጇን የሚመልስላት አልነበረም።

ስለዚህ ሳይታሰሩ በፊት ያሉትን መጠበቅ ከሁሉ ይቀላል። በመላው ዓለም በዱር የቀሩት አንበሶች ከ20 ሺህ እስከ 25 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ድሮ ይኖሩበት ከነበረው ምድር ከ90 በመቶ በላዩን አጥተዋል። በአገራችን በጋምቤላ፣ በኦሞና በማጎ፣ በጨበራ ጩርጩራ፣ በባሌው ሐረና ጫካ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሃንስ ባወር የመራው ቡድን በሱዳን ድንበር ባለው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸውን በካሜራ አረጋገጠ፤ የአካባቢው ሰው ቀድሞም ያውቅ ነበር፣ የዓለም ካርታ ግን አያውቅም ነበር። ከብቱ የተበላበት አርብቶ አደር ግን ለአንበሳ ግጥም አይገጥምም፣ መርዝ ነው የሚያስቀምጠው፤ በረቱን በማጠናከርና በካሳ የማይረዳው ከሆነ በእሱ መፍረድ ለከተሜ ቀላል ነው። ውሻም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ከመንደር ውሾች የተነሳ ነው ተብሎ የሚታመን የዲስተምፐር ወረርሽኝ የሰረንጌቲን አንበሶች አንድ ሦስተኛ ያህል ፈጅቷል፤ ከዚያ በኋላ በፓርኩ ዙሪያ ላሉ ውሾች ክትባት ተጀመረ።

ጀመዓው ወደ ማቆያ ጉብኝት በሚወጣ ጊዜ እነዚህን ነገሮች ልብ በሉ። ከተቻለ ቀትር ላይ አትሂዱ፤ ጠዋት በጊዜ ወይም ከዐስር በኋላ ይሻላል። አንድ አንበሳ ፊት ሃያ ደቂቃ ቁሙ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ጊዜ በአንድ መስመር እንደተመላለሰ ቁጠሩ። ከእናንተ ዓይን የሚሸሸግበት ጥግ አለው? አጠገቡ ማን አለ፣ ዘመዱ ነው ወይስ ባዕድ? አጥንት ወለሉ ላይ ይታያል ወይስ ቀይ ሥጋ ብቻ? ጠባቂውን በአክብሮት ሰላም ብላችሁ ምግቡ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሰጥ፣ የጾም ቀን እንዳለው፣ የትውልድ መዝገብ እንዳለ ጠይቁት። ጠባቂዎች ይህን የሚጠይቃቸው ሰው እምብዛም አያገኙም፤ ጀምሩለት እንጂ ስለ እያንዳንዱ አንበሳ ጠባይ የሚነግራችሁ ብዙ ነው።